ከ«ቴክ» በኋላ የምትመጣዋ ቃል

አዲስ አበባ ውስጥ እንግሊዝኛ ጨርሶ ያልተማረች እናት ልጇን «መብራቱን ኦፍ አድርገው» ትለዋለች። የጥበቃ ሠራተኛው ስልክ ሲደወልለት «ዛሬ ኦፍ ነኝ» ይላል። ቴሌቪዥኑ «ኦን» ይደረጋል፤ የጎረቤት ስልክ ቀኑን ሙሉ «ኦፍ» ሆኖ ይውላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ግን መብራቱን ለማጥፋት «ተርን ኦፍ» ወይም «ስዊች ኦፍ» ይላሉ። እኛ ከፊት ያለውን ግስ ጣልነው። ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቃል ብቻ ወሰድንና የራሳችንን «አደረገ» ጨመርንባት። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አልወሰነም። የሕዝቡ ጆሮ ፍሬው የት እንዳለ በራሱ ለየ።

ይህን ልብ ካልኩ ወዲህ እንግሊዝኛ የማስረዳበት መንገድ ሌላ ሆኗል። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአገር ቤት ለመጡ አዋቂዎች በነጻ አስተምራለሁ። አረጋውያንን የሚንከባከቡ አሉ። የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ፣ ኡበር የሚነዱ አሉ። ልብስ ማስተካከያ ቤት የምትሠራ ልብስ ሰፊ አለች። አገር ቤት ለብዙ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰውም አሉ። ሥራቸውና ዕድሜያቸው ለየቅል ነው። የሚያስቸግራቸው ግን አንድ ነገር ነው። ትልልቆቹን ቃላት ያውቃሉ፤ ትንንሾቹ ናቸው የሚያደናቅፏቸው።

የጋሼ እንግሊዝኛ ጠንካራ ነው። «ፖስትፖን» ማለት ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ እንደሆነ ያውቃሉ። «ቶለሬት» ማለት መታገሥ እንደሆነ ያውቃሉ። «ኢንቨስቲጌት»ን፣ መመርመርን ማለት ነው፣ ሲጽፉ አንድ ፊደል አይስቱም። የሥራ ኃላፊያቸው ግን «ፖስትፖን» ሲል ሰምተውት አያውቁም፤ «ፑት ኦፍ» ነው የሚለው። ለ«ቶለሬት» «ፑት አፕ ዊዝ» ይላል። ለ«ኢንቨስቲጌት» «ሉክ ኢንቱ» ይላል። ፑት ማለት ማስቀመጥ፣ ሉክ ማለት ማየት እንደሆነ ጋሼ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃሉ። ሁለት የሚያውቋቸው ቃላት ተጣምረው የማያውቁት ሦስተኛ ነገር ሲሆኑባቸው ይናደዳሉ። ንዴታቸው ይገባኛል።

ነገሩ ከትምህርት ቤት ይጀምራል። አገራችን ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሒሳቡም ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛን የምናውቀው ከመጽሐፍ ነው። የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ደግሞ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ በመጡ ቃላት የተሞላ ነው። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ወግቶ ያዘ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርቱ በላቲን ነበር። ገበሬው ግን ከልጆቹ ጋር የሚያወራው በድሮው ቋንቋው ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ዛሬም ሁለት ዓይነት ቃል ይዞ ይኖራል፤ የወረቀት ቃልና የቤት ቃል። እኛ የወረቀቱን ጠግበን ተማርን። የቤቱን ማን ያስተምረን?

በእኛም ቋንቋ ያለ ነገር ነው። ጋዜጣው «እንግዶቹ ቦታቸውን ያዙ» ይላል፤ እናት «ቁጭ በሉ» ትላለች። የመታሰቢያው መርሐ ግብር «የኅሊና ጸሎት» ይላል፤ ቤት ውስጥ «ዝም በል» ነው። አማርኛን ከጋዜጣ ብቻ የተማረ ሰው መርካቶ ቢወርድ ምን ያህል ይገባዋል? ጋሼ ይህን ስነግራቸው ትንሽ ቀለል አላቸው። የእሳቸው ድካም ያልተማረ ሰው ድካም አለመሆኑን አዩ።

እንግሊዝኛ ለውጭ ሰው በዚህ በኩል እንደሚከብድ እንግሊዞቹ ራሳቸው ቀድመው አውቀዋል። ሳሙኤል ጆንሰን ታላቁን መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1755 ሲያሳትም መቅድሙ ላይ ስለዚህ ጽፏል። ግስ ላይ ትንሽ ቃል እየጨመሩ ትርጉም መለወጥ በእንግሊዝኛ እጅግ የተለመደ ነው፤ ለውጭ አገር ሰዎችም ትልቁ ችግር ይኸው ነው ብሏል። ካነሣቸው ምሳሌዎች አንዱ «ቴክ ኦፍ» ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ የግስና የትንሽ ቃል ጥምር «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 በመጽሐፉ ሲጠቀምበት ስሙን ያወጣለት የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የነበረው ሄንሪ ብራድሊ መሆኑን ገልጿል።

እኔ ክፍሌ ውስጥ አንድ ግስ ይዤ መቆየት እወዳለሁ። «ቴክ»ን የመረጥኩት ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ነው። «ቴክ አዌይ»ን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ደግሞ ታሪኩ ደስ ይለኛል። ቴክ በመጀመሪያ የእንግሊዞች ቃል አልነበረም። ከስካንዲኔቪያ በባሕር የመጡት ቫይኪንጎች ከ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምረው እንግሊዝን ወረሩ። ብዙዎቹ እዚያው ቀርተው መሬት አረሱ፤ ተጋቡ፤ ተዋለዱ። «ታካ» የሚለውን ቃላቸውንም እዚያው ተዉት። የጥንቶቹ እንግሊዞች ለመውሰድ «ኒማን» ይሉ ነበር፤ ጀርመኖች ዛሬም «ኔመን» ይላሉ። በእንግሊዝኛ ግን ኒማን ቀስ በቀስ ጠፋ። ትራፊው «ነም» በሚለው ቃል ውስጥ ይገኛል። ነም ማለት ደነዘዘ ማለት ነው። የደነዘዘ እጅ ስሜቱ የተወሰደበት እጅ ነው።

በጥንቱ እንግሊዝኛ ትንሿ ቃል ብዙ ጊዜ ከግሱ ፊት ትለጠፍ ነበር። በኋላ ወደ ኋላ ሄደች። የድሮው አሠራር ምልክት ግን ቀርቷል። «ኦቨርቴክ» ማለት መኪናን ደርቦ ማለፍ ነው። «ቴክ ኦቨር» ማለት ደግሞ መረከብ ነው። ቃላቱ ያው ሁለቱ ናቸው። ቦታ ሲለዋወጡ ትርጉሙ ሌላ ሆነ። ኡበር የሚነዳው ተማሪዬ ይህን ሲሰማ ደብተሩ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው እናስብ። «አለ» ማለት ተናገረ ማለት እንደሆነ ተምሯል። ከዚያ «ሰውየው ቁጭ አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያጋጥመዋል። ምን ተናገረ? ለማን ተናገረ? ቀጥሎ «ብድግ አለ» ይመጣል። «ፈገግ አለች»፣ «ጎንበስ አሉ»፣ «ከፍ በል»፣ «ዘወር በይ»። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚናገር ሰው የለም። ለእኛ ይህ ፈጽሞ አያስቸግርም። «አለ» እዚህ ቦታ ሥራው ማን፣ መቼ፣ ስንት የሚለውን መሸከም እንደሆነ አፍ ስንፈታ አብረን ተምረነዋል። አልኩ፣ አለች፣ ይላሉ፣ በል እያለ ይረባል። ፍሬው ያለው ቁጭ ላይ፣ ብድግ ላይ፣ ፈገግ ላይ ነው። «አደረገ»ም ያው ነው፤ ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ፣ ቀና አደረገ።

እንግዲህ የምለው ይህን ነው። የእንግሊዝኛው ፍሬዛል ቨርብ አማርኛ ለሚናገር ሰው እንግዳ ፍጥረት መሆን የለበትም። ከአንድ የተለመደ ግስ ጋር ትንሽ ቃል አጣምሮ አዲስ ትርጉም ማውጣት እኛ በየደቂቃው የምንሠራው ሥራ ነው። ልዩነቱ የእኛ ትንሽ ቃል ፊት፣ የእነሱ ኋላ መሆኗ ነው። በእርግጥ ቴክ እንደ «አለ» ሙሉ በሙሉ አልተሟጠጠም። ብዙ ጊዜ የመውሰድን ቀለም ይዞ ይቆያል። ቢሆንም ጆሮ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ትንሿ ቃል ነው። ተማሪዎቻችን ግን ተቃራኒውን ነው የለመዱት። ቴክን ይሰሙና «ወሰደ» ብለው ይቆማሉ። የቀረውን እንደ ትራፊ ያልፉታል።

«ቴክ ኦፍ»ን ልውሰድ። የመማሪያ መጽሐፍ ቢያዩ ትርጉሞቹን ይደረድራል። ልብስ ማውለቅ። አውሮፕላን መነሣት። የእረፍት ቀን መውሰድ። ከዋጋ መቀነስ። ድንገት ተነሥቶ መሄድ። ሥራ መሳካት። ተማሪው እያንዳንዱን ለብቻው ይሸመድድና በሳምንቱ ይረሳዋል። ኦፍን ከያዘ ግን ሌላ ነው። ኦፍ ማለት ከነበረበት መለየት፣ መላቀቅ ነው። ጫማው ከእግር ተለየ። አውሮፕላኑ ከመሬት ተላቀቀ። ማክሰኞ ከሥራ ቀናት ውስጥ ተነጠለ። አሥር ዶላር ከዋጋው ላይ ተነሣ። ሥራውም እንደ አውሮፕላኑ ከመሬት ለቀቀ።

ድንገት ተነሥቶ መሄድ ላይ ስንደርስ የልብስ ሰፊዋ ተማሪ ያለችውን አልረሳውም። «ቲቸር፣ ይሄማ ውልቅ አለ ነው!» አለች። እውነቷን ነው። ልብስ አወለቀ እንላለን። ሰውዬው ሳይሰናበት ሲሄድ ደግሞ «ውልቅ ብሎ ሄደ» እንላለን። ያው ሥር፣ ያው ሥዕል። እንግሊዝኛው በቴክ ኦፍ ያደረገውን አማርኛው በወለቀ አድርጎታል። ሁለቱ ሕዝቦች ተመካክረው አይደለም። ሰው ከቦታው ሲነቀል ያየ ዓይን ሁለቱም ዘንድ ልብስ ከገላ ሲወርድ ያየውን አስታወሰ።

ኦፍ እንዲህ አንዴ ከገባ በኋላ ሌሎቹም ይከተላሉ። «ሌይ ኦፍ» ከሥራ ማሰናበት ነው፤ እዚህ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ በደንብ ያውቀዋል። «ድሮፕ ኦፍ» ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ መለየት ነው። «ካት ኦፍ»፣ «ኮል ኦፍ»፣ «ፔይ ኦፍ» ሁሉም ውስጥ የሚቆረጥ፣ የሚለይ፣ የሚላቀቅ ነገር አለ። ዕዳውን ፔይ ኦፍ ያደረገ ሰው ከዕዳው ተላቀቀ።

ይህ ነገር የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሰው ይጎዳበታል። አንዲት ተማሪዬ አንዲትን ባልቴት በቤታቸው ትንከባከባለች። ቀድሞ ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታለች። ሰው ቤት የሠራ ሰው አንድ ትልቅ ፍርሃት አለው። ዕቃ ጠፋ ከተባለ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። አንድ ቀን የባልቴቷ ልጅ መጣችና በር ላይ ቆማ «ማም ሃዝ ሪሊ ቴክን ቱ ዩ» አለቻት። ተማሪዬ የሰማችው «ማም»ን እና «ቴክን»ን ነው። እናትየው፤ ተወሰደ። ምን ተወሰደ? ቀለበት ነው? ገንዘብ ነው? ልጅቱ ፈገግ ብላ ነበር የተናገረችው፤ ግን ፈገግታ ሰውን ሁልጊዜ አያረጋጋም። መልስ ሳትሰጥ ወጣች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። እሑድ ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን እንደሰማችው በአማርኛ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፋ ይዛ መጣች።

«ቴክ ቱ» ሰውን መውደድ፣ መላመድ፣ ልብን መስጠት ነው። ልጅቱ የነገረቻት «እናቴ ከልቧ ወዳሻለች» ብላ ነው። እናትየው በሽታው ስለጠናባቸው አዲስ ሰው እሺ አይሉም ነበር። ከእሷ ጋር ግን ምግብ መብላት ጀምረው ነበር። በሕይወቷ ከተነገሯት መልካም ቃላት አንዱ፣ ሌሊቱን ሙሉ ክስ ሆኖ አሳደራት።

ይህን በማሰብ ብቻ አሁንም ይከፋኛል። መዝገበ ቃላት አልጎደላትም። «ቴክ»ን ታውቃለች፤ «ቱ»ን ታውቃለች። ቱ ላይ ቆም ብላ እንድትሰማ ግን ማንም አልነገራትም። ቱ «ወደ» ነው። ባልቴቷ ወደ እሷ ሄዱ፣ ወደ እሷ ቀረቡ ማለት ነው። ስንነጋገር እሷ ራሷ «ወደ፣ ወደደ» እያለች ደጋገመችው። ሁለቱ ቃላት ጆሮ ላይ ጎን ለጎን ስለሚያርፉ እንዳትረሳው ያዘችበት። ሰኞ ሥራ ስትገባ ለልጅቱ ምስጋና አቀረበች።

ከቱ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የምቆየው «ኢን» ላይ ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ ለእሱ ትልቅ ስጦታ አለው። «ቴክ ኢን» ብዙ ትርጉም አለው ብለው መጽሐፎቹ ያስፈራራሉ። ሰው ማስጠጋት ነው። ወሬን ወይም ትምህርትን መረዳት ነው። ልብስ ማጥበብ ነው። መታለልም ነው። አሁን «ገባ» የሚለውን እንይ። ነገሩ «ገባኝ» ስንል ተረዳሁት ማለታችን ነው። ነገሩ ከውጭ ወደ ውስጤ ገባ። እንግሊዝኛ ተናጋሪውም ከባድ ወሬ ሲሰማ ገና ቴክ ኢን አላደረግኩትም ይላል፤ ገና ወደ ውስጤ አልገባም። ከዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣውን እየጎተተ የወጣን ሰው ቤቱ አስገብቶ ሶፋው ላይ ያስተኛው ዘመድም ቴክ ኢን አድርጎታል። እዚህ አገር የምንኖር ብዙዎቻችን የጀመርነው እንዲህ ባለ ሶፋ ላይ ነው። መታለልም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። አታላዩ ሰውን ወደ ወጥመዱ አስገባው።

ልብሱን ልብስ ሰፊዋ ናት ያስረዳችን። ቀሚስ ከልክ በላይ ሲሰፋ ስፌቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቀሚሱ ይጠባል፤ ያ ቴክ ኢን ነው። ሱሪ ሲረዝም ጫፉ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ያጥራል፤ ያ «ቴክ አፕ» ነው። የሚሰፋው «ሌት አውት» ነው፤ የሚረዝመው «ሌት ዳውን»። መርፌ ይዛ እጇን ወደ ውስጥ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ውጭ፣ ወደ ታች እያሳየች ስታስረዳ ክፍሉ በሙሉ ገባው። ጋሼ እንኳ ማስታወሻ ያዙ። ከሚመጣው ደንበኛ ሁሉ እነዚህን አራቱን ስትሰማ ነው የምትውለው። አጥብቢ ሲሏት ብታሳጥር የሰው ልብስ ይበላሻል። ለእሷ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ተማሪዎቼ ጆሯቸውን እንዲያምኑ የሚረዳ አንድ ነገር አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ቴክ ኢት ኦፍ» ሲል ድምፁ የሚጫነው ኦፍ ላይ ነው። ቴክ ፈጠን ብሎ ያልፋል። «ፑት ኢት ኦን»፣ «ሃንድ ኢት ኦቨር»፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ተናጋሪው ራሱ ክብደቱ የት እንዳለ በድምፁ እየነገረን ነው። እኛም «ቁጭ አለ» ስንል ቁጭ ላይ ረገጥ እናደርግና አለን በቶሎ እናልፈዋለን። ስለዚህ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲሰሙ አደርጋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን አጫውትና መጨረሻ ላይ የተጫነችውን ቃል ብቻ እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ። ግሱን እንዲነግሩኝ አልፈልግም።

«ኢት» የት ትገባለች የሚለውም ብዙዎችን ያስጨንቃል። ለምን «ቴክ ኦፍ ኢት» አይባልም? አማርኛችን መልሱን ይዞልናል። «ኦፍ አድርገው» ስንል «ው» የተጠጋችው «አድርግ» ላይ ነው። ኦፍ ላይ «ው» አንለጥፍም። ኢትም እንደዚሁ ከቴክ ጋር ትጠጋለች፤ ትንሿን ቃል ለብቻዋ ትተዋታለች። ሙሉ ስም ከሆነ ግን ሁለቱም ያስኬዳል። ጫማህን መሃል ላይ ብታስገባው ወይም መጨረሻ ላይ ብታደርገው ስህተት የለውም። ይህ ሕግ የማይሠራላቸውም አሉ። «ቴክ አፍተር» አንዱ ነው፤ ወላጅን መምሰል ማለት ነው። እኛ «በአባቱ ወጣ» እንላለን። «አባቱን» ብለን ከግሱ ጋር አናጣብቀውም፤ «በ» ከአባት ጋር ትሄዳለች። አፍተርም እንዲሁ ከሰውየው ጋር ትሄዳለች፤ ከእሱም አትነጠልም።

«ቴክ ኢት አውት ኦን» የሚለውን ግን ለብቻው ማንሣት እፈልጋለሁ። አራት ቃል ነው። ተማሪ ሲያየው ተስፋ ይቆርጣል። ትርጉሙ ግን ንዴትን ባልበደለ ሰው ላይ መወጣት ነው። አማርኛውን ልብ በሉልኝ፦ «ንዴቱን እኔ ላይ ተወጣ»። አውት፣ ወጣ። ኦን፣ ላይ። ይህን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ስጽፈው ክፍሉ ዝም አለ፤ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። ፈረቃ ሲለዋወጡ አለቃቸው የተናደደባቸውን ቀን ሁሉ እያነሡ አራቱን ቃላት ሞከሯቸው። «ቴክ ኦን» ደግሞ ትከሻ ላይ መጫን ነው፤ ኃላፊነት ይሁን ተጨማሪ ሥራ። «ቴክ ኦቨር» ፈረቃ ለሚቀያየር ሰው የዕለት ቃል ነው። «ቴክ ባክ» እና «ቴክ ዳውን» ብዙ አላስቸገሩም።

ሁሉም እንዲህ ይገጥማል አልልም። ቴክ ኦፍ በእንግሊዝ አገር የሰውን አነጋገር አስመስሎ ማሳየትም ነው። ኦፍን ቢያገላብጡት መምሰል አይወጣውም። «ፑት አፕ ዊዝ» ለምን መታገሥ እንደሆነ ተማሪ ቢጠይቀኝ እንዲሁ ያዘው ነው የምለው። የእኛስ «እጅ ነሣ» አክብሮ ሰላምታ መስጠት መሆኑን ለውጭ ሰው በምን እናስረዳዋለን? በቃል መያዝ ያለበት በቃል ይያዛል። ጥፋቱ ሁሉንም በቃል ያዙ ማለት ነው።

አንድ ነገር በጣም ይከነክነኛል። እዚህ የተወለዱ ልጆች እነዚህን ቃላት ሳያስቡ ይናገራሉ። ወላጅ በወረቀቱ እንግሊዝኛ፣ ልጅ በቤቱ እንግሊዝኛ ያወራሉ። አባት ጫማህን አውልቅ ለማለት «ሪሙቭ ዩር ሹዝ» ይላል። ልጁ አባቱ ደረቅ ሰው ይመስለዋል። የአባቱ እንግሊዝኛ በሰዋስው ምንም እንከን አይወጣለትም። ግን ሪሙቭ የሐኪምና የመመሪያ ቃል ነው፤ ለልጅ ጆሮ ቀዝቃዛ ነው። «ቴክ ኦፍ» ቢል ያው ትእዛዝ የአባት ትእዛዝ ይሆናል። እኒያ አባት በአማርኛ ቀልደኛና ለስላሳ ናቸው። ልጃቸው ግን ይህን አያውቅም። ትንንሾቹን ቃላት መማር ለእኔ ሥራ ከማግኘት በላይ የሚሆንብኝ ለዚህ ነው።

መዝገበ ቃላቶቹ ፍሬዛል ቨርቦችን የሚያስቀምጡት በግሱ ሥር ነው። ቴክ የሚለውን ይፈልጉና መጨረሻው ላይ ዝርዝሩን ያገኛሉ። ለመፈለግ ይመቻል፤ ለመማር ግን አይመችም። እኔ ተማሪዎቼን ደብተራቸውን በትንሿ ቃል እንዲከፍሉ አደርጋለሁ። አንድ ገጽ ለኦፍ፣ አንድ ገጽ ለኢን፣ አንድ ገጽ ለአውት። ሥራ ቦታ የሰሙትን እሑድ ያመጡና በየገጹ ያስገባሉ። የኦፍ ገጽ ሲሞላ ቃላቱ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ። ባላገጣጠምነው ዙሪያ ደግሞ ክርክር ይነሣል። ከክርክሩ ብዙ ይማራሉ።

አሁን የያዝነው «አፕ»ን ነው። አፕ ሰፊ ነው። ወደ ላይ ማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ብዙ ቦታ ግን ሥራው ጨርሶ ተደረገ ለማለት ነው። «ድሪንክ አፕ»፣ «ኢት አፕ»፣ «ሎክ አፕ»፣ «ታይ አፕ»፣ «ቴር አፕ»። አማርኛውን ስንፈልግ ደስ የሚል ነገር ወጣ። ጭልጥ አድርጎ ጠጣ። ጥርግ አድርጎ በላ። ክርችም አድርጎ ዘጋ። ጥፍር አድርጎ አሰረ። ብጭቅጭቅ አድርጎ ቀደደ። እንግሊዝኛ በአንድ አፕ የሚጨርሰውን እኛ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ቃል አዘጋጅተንለታል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ከየአገራቸው አነጋገር ሌላ ሌላ ጨመሩ፤ ጎንደሬው አንድ፣ ወሎዬዋ ሌላ። ያልገባን «ሾው አፕ» ብቻ ነበር። የሚጨረስ ነገር የለበትም፤ ወደ ላይ የሚሄድም ነገር የለም። መልሱን ያመጡት ጋሼ ናቸው፤ በሚቀጥለው እሑድ ኮታቸውን ሳያወልቁ ከበሩ ሆነው። «ሾው አፕ ብቅ አለ ነው» አሉን።